የመጀመሪያ የአጋዘን አደን ሊዝ፦ ከመክፈልዎ በፊት የሚሠራ ሒሳብና የመሬት ምልከታ

«ላኖ አካባቢ ቦታ ተገኝቷል፤ በሰው 2,000 ዶላር ነው፤ አራት ሆነን እንግባ ይሉኛል። ያዋጣል ወይ?» ጥያቄው ከዳላስም ከሂውስተንም በየዓመቱ ይመጣል፤ የሚለወጠው የካውንቲው ስምና የዋጋው ቁጥር ብቻ ነው። መልሱ ያለው ኤከሩ ላይ ወይም ዋጋው ላይ ሳይሆን እርስዎ በዓመት ስንት ቀን እንደሚሄዱ፣ መሬቱ ላይ በቀን ብርሃን የሚታይ አጋዘን መኖሩና አብረዋቸው የሚገቡት ሰዎች እነማን መሆናቸው ላይ ነው። መመሪያው የተጻፈው ለቴክሳስ ነው። የግዛቱ መሬት ከ95 በመቶ በላይ በግል የተያዘ ስለሆነ አዳኙ በአብዛኛው ከባለመሬት ተከራይቶ ይገባል።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይታወቅ። «ሊዝ» ሲባል አዲስ አበባ ላይ የምናውቀው የመሬት ሊዝ አይምሰልዎ። እዚህ የሚከፍሉት በውሉ በተጻፈው ጊዜ ገብቶ ለማደን ለሚሰጥ ፈቃድ ነው። መሬቱ፣ ከብቱ፣ ዛፉ፣ የበሩ ቁልፍ ሁሉ የባለመሬቱ ነው። ከፈቃዱ በላይ የሚፈልጉት ማንኛውም ነገር፣ ልጅዎን ይዞ መግባት እንኳ ቢሆን፣ በውሉ ላይ መጻፍ አለበት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሥራ ፈረቃዎና የጾም ቀናት የተጻፉበት የዓመት መቁጠሪያ
- ወረቀት፣ እስክሪብቶና ካልኩሌተር
- ኦንኤክስ ሀንት ወይም ጉግል ኧርዝ የተጫነበት ስልክ። ብዙ ራንች ላይ ኔትወርክ ስለሌለ የቦታውን ካርታ ቤት ሳሉ አውርደው ይያዙ
- የቴክሳስ ፓርኮችና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት የሚያወጣው «አውትዶር አንዋል» መተግበሪያ፤ የየካውንቲው ሕግ ያለው እዚያ ነው
- እባብ እንዳይነድፍ የሚከላከል፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቡት፣ ረጅም ሱሪ፣ በሰው 3 ሊትር ውሃ
- አቅራቢ መነጽር
- በትንሽ ጠርሙስ የተሞላ ዱቄት፣ ነፋስ ለማየት
- ባለመሬቱ ከፈቀደ 2 የዱካ ካሜራ

ጠመንጃ በዝርዝሩ የለም። መሬት ለማየት ሲሄዱ አይያዙ፤ ገና ውል የለዎትም።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ወረቀትዎን ያስተካክሉ

ከሴፕቴምበር 2 ቀን 1971 ወዲህ የተወለደ ሰው በቴክሳስ ለማደን የአዳኝነት ትምህርት ማለፍ አለበት። ትምህርቱን ገና ካልወሰዱና 17 ዓመት ከሞላዎት በ10 ዶላር አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ማራዘሚያ አለ። ይሁንና ትምህርቱን ያለፈና ፈቃድ ያለው አዋቂ አብሮዎት ካልሆነ በዚያ ዓመት ማደን አይችሉም። ይህም ሊዙን ብቻዎን እንዳይጠቀሙበት ያደርጋል።

በቴክሳስ ከ6 ወር በላይ በተከታታይ የኖረ ሰው የአደን ፈቃድ 25 ዶላር ነው፤ ከሌላ ግዛት የመጣ 315 ዶላር ይከፍላል። ፈቃዱ የፈለገውን ጊዜ ቢገዛ ኦገስት 31 ላይ ይሞታል። ስለዚህ በጁላይ አይግዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ የመኖሪያ ወረቀትዎ ጉዳይ ከሊዙ ይቀድማል። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሌላ የሕግ እገዳ እስከሌለበት ድረስ ጠመንጃ መያዝ ይችላል። ጊዜያዊ ቪዛ ላይ ያለ፣ ጥገኝነት ጠይቆ የሚጠባበቅ ወይም በጊዜያዊ ከለላ የሚኖር ሰው ግን የፌዴራሉ የጦር መሣሪያ ሕግ ሌላ ነው፤ ስህተቱ በወንጀል ከማስጠየቁም በላይ የኢሚግሬሽን ጉዳይዎን ሊያበላሽ ይችላል። የጓደኛዎን ጠመንጃ ለአንድ ቀን መዋስም «መያዝ» ነው። አንድ ዶላር ከመክፈልዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቁ።

ደረጃ 2፦ በእውነት የሚሄዱባቸውን ቀናት ይቁጠሩ

በሰሜኑ ክልል (ላኖም ሜሰንም እዚህ ውስጥ ናቸው) ዋናው የጠመንጃ አደን የሚከፈተው በኖቬምበር የመጀመሪያ ቅዳሜ ሲሆን በጃንዋሪ የመጀመሪያ እሁድ ይዘጋል። በደቡቡ ክልል እስከ ጃንዋሪ ሦስተኛ እሁድ ይቆያል። በሰሜኑ ስሌት አሥር ያህል ቅዳሜና እሁድ አለዎት ማለት ነው።

ከአሥሩ ላይ ይቀንሱ። የሰርግና የክርስትና ጥሪ። የእሑድ ቅዳሴ። ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዱ ከሆነ ቅዳሜ ዋና የገቢ ቀንዎ ነው። ከዳላስ ላኖ ለመድረስ 4 ሰዓት ገደማ ስለሚነዳ «ጠዋት ደርሼ እመለሳለሁ» የሚባል ነገር የለም፤ ዓርብ ማታ ካልተነሱ የቅዳሜው ንጋት አለፈ።

ጾሙንም አብረው ይቁጠሩት። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24 ወይም 25 ነው። ከመክፈቻው እስከ ጾሙ ያሉት ሦስት ወይም አራት ቅዳሜና እሁዶች ብቻ ናቸው። የሰሜኑ ክልል ዋናው የአደን ወቅት ደግሞ ከገና ቀን አያልፍም። ጾመኛ ከሆኑ በጾሙ ውስጥ ያገኙት ሥጋ ሁሉ ፍሪዘር ውስጥ ገናን ይጠብቃል፤ ስለዚህ ፍሪዘር የሌለው ሰው በሒሳቡ ላይ ይጨምርበት።

የቀረውን ወደ ቀን ቀይረው ይጻፉ፤ አንድ ቅዳሜና እሁድ ሁለት ቀን ነው። ከዚያ ላይ ሩቡን ይቀንሱ፤ ዝናብ፣ የታመመ ልጅና የመኪና ብልሽት የሚይዙት ያን ያህል ነው።

ደረጃ 3፦ ሒሳቡን በቀን ይሥሩት

የአብዛኛው ሰው ስህተት ዋጋውን በኤከር ማካፈል ነው። ኤከሩን አይበሉትም፤ የሚገዙት ቀን ነው። ከዳላስ ተነስቶ 8 ጊዜ ለሁለት ሁለት ቀን የሚሄድ ሰው ሒሳብ ይህን ይመስላል፤ ቁጥሮቹን በራስዎ ይተኩ።

- የሊዝ ድርሻ፦ 2,000 ዶላር
- ቤንዚን፦ 8 ጉዞ በ65 ዶላር፣ 520 ዶላር
- ምግብ፦ 8 ጉዞ በ30 ዶላር፣ 240 ዶላር
- አጋዘኑን ማባበያ በቆሎ፦ ባለ 50 ፓውንድ 12 ከረጢት በ10 ዶላር፣ 120 ዶላር
- መኖ መበተኛና የድንኳን መደበቂያ፦ 500 ዶላር (አንድ ጊዜ)
- የአደን ፈቃድ፦ 25 ዶላር
- ሁለት አጋዘን በሥጋ ቤት ማስበለት፦ 300 ዶላር

ድምሩ 3,705 ዶላር ነው። ለ16 ቀን ሲካፈል በቀን 232 ዶላር ይመጣል። ሒል ካንትሪ (ላኖ ያለበት የመካከለኛው ቴክሳስ ኮረብታማ አካባቢ) የሚገኝ የሴት አጋዘን ሰውነት ትንሽ ስለሆነ ከአጥንት የተለየው ሥጋዋ ወደ 30 ፓውንድ ይሆናል። ሁለቱ 60 ፓውንድ ናቸው፤ በፓውንድ 62 ዶላር ገደማ። «ሥጋው ወጪውን ይመልሳል» የሚልዎትን ሰው ይህን ያሳዩት። ሊዝ ለሥጋ ብለው የሚገቡበት አይደለም።

ያው ሰው 8 ጊዜ ብሎ 3 ጊዜ ብቻ ቢሄድስ? ቤንዚንና ምግቡ ይቀንሳል እንጂ ሊዙ አይቀንስም። ድምሩ 3,230 ዶላር፣ በቀን 538 ዶላር።

አሁን ከቀን አደን ጋር ያስተያዩት። ብዙ ራንቾች ሴት አጋዘን በቀን ሒሳብ ያሳድናሉ። የቀኑ ዋጋ 250 ዶላር ነው እንበል። ቤንዚኑ፣ ምግቡ፣ ፈቃዱና ማስበለቻው በሁለቱም በኩል ስላለ ይተዉት። ሊዙ ብቻ የሚያመጣውን ወጪ ማለትም ኪራዩን፣ በቆሎውንና ዕቃውን ይደምሩ፤ 2,620 ዶላር። ለ250 ያካፍሉት፤ 10.5። ስለዚህ ከ11 ቀን በታች የሚሄዱ ከሆነ ሊዙ ኪሳራ ነው፤ ከ11 ቀን በላይ ከሆነ ያዋጣል። በሁለተኛው ዓመት ዕቃው ስላለ መስመሩ ወደ 9 ቀን ይወርዳል።

በደረጃ 2 ያገኙት ቁጥር ከዚህ መስመር በታች ከሆነ እዚህ ላይ ያቁሙና ወደ ደረጃ 4 ይለፉ። ከመስመሩ በላይ ከሆነ ደረጃ 4ን ይዝለሉት።

ደረጃ 4፦ ቀንዎ ካነሰ በርካሹ ይጀምሩ

48 ዶላር የሚከፈልበት ዓመታዊ የሕዝብ አደን ፈቃድ ወደ አንድ ሚሊዮን ኤከር ገደማ መሬት ይከፍትልዎታል። ከሂውስተን በስተሰሜን ያለው የሳም ሂውስተን ብሔራዊ ደን አንዱ ነው። ሰው ይበዛል፣ በበቆሎ ማባበልም አይቻልም፤ በሕዝብ መሬት ላይ ደማቅ ብርቱካናማ ልብስ መልበስም ግዴታ ነው። በዕጣ የሚገኙ አደኖችም አሉ፤ ማመልከቻቸው ከአደኑ ወራት ቀድሞ ስለሚዘጋ በአሜሪካ በጋ (በሰመር) ይመልከቱ። አንድ ዓመት እንዲህ ያሳለፈ ሰው ብርድ ላይ ለሦስት ሰዓት ዝም ብሎ መቀመጥ ይወድ እንደሆነ ያውቃል። ሳይሞክሩት ለዓመት መክፈል አያስፈልግም።

ደረጃ 5፦ ቤት ቁጭ ብለው መሬቱንና ባለቤቱን ያጣሩ

ማስታወቂያ ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠየቀው ትክክለኛው አድራሻና የካርታው ወሰን ነው። ከዚያ የካውንቲውን የንብረት ግምት ጽሕፈት ቤት ድረ ገጽ ይክፈቱ። የእያንዳንዱ መሬት ባለቤት ስም በነፃ ይታያል። ያነጋገረዎት ሰው ስም እዚያ ከሌለ የባለቤቱን የጽሑፍ ውክልና ይጠይቁ። የሰው መሬት ፎቶ ለጥፎ በዜል ቀብድ የሚቀበል አጭበርባሪ አለ። «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው፤ አሁን 500 ላክ» ከተባሉ ነገሩ አብቅቷል።

ቀጥሎ ስፋቱ። መቶ ኤከር 40 ሄክታር ነው፤ በአገር ቤት ልክ አንድ ጋሻ መሬት። ለአንድ አዳኝ አንድ ጋሻ ያህል ካልደረሰ ይጠንቀቁ። ወንድ አጋዘን የሚዘዋወርበት መሬት ብዙ ጊዜ ከዚህ በጣም ይሰፋል። ስለዚህ በትንሽ መሬት ላይ የሚያዩት አጋዘን የጎረቤትም ነው፤ ጎረቤት ምን እንደሚተኩስ ደግሞ እርስዎ አይወስኑም። በሳተላይት ምስሉ ላይ ከወሰኑ ውጭ ያሉ ማማዎችና መኖ መበተኛዎች ይታያሉ፤ አጥሩን ተከትለው ከተደረደሩ አጋዘኑ ሳይደርስብዎ እዚያው ይቀራል።

ቅርጹም ነገር አለው። በቴክሳስ ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ብርድ ሲገባ ተገልብጦ ከሰሜን ይነፍሳል። አጋዘን ከዓይኑ ይልቅ አፍንጫውን ያምናል። መሬቱ ረጅምና ጠባብ ከሆነ በአንዱ ነፋስ ጠረንዎ ሁሉንም ይጠርገዋል። ለሁለቱም ነፋስ የሚሆኑ ቢያንስ ሁለት መቀመጫ ቦታዎችና በየብቻቸው የሚገባባቸው መንገዶች ካርታው ላይ ካልታዩዎት ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ይተዉት።

ደረጃ 6፦ መሬቱን በእግር ይዩት

«በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ፎቶ ላይ የሚያምረው አረንጓዴ ሣር ለከብት እንጂ ለአጋዘን ብዙ አይጠቅምም፤ አጋዘን በአብዛኛው የሚበላው ቅጠል፣ ለጋ ቀንበጥና የኦክ ፍሬ ነው።

ጥሩው ጊዜ ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች ነው። አደኑ ተዘግቷል፣ ቅጠሉ ረግፏል፣ የወራቱ ምልክት ገና አልጠፋም፤ ብዙ ሊዝም ሰው የሚቀያይረው ያኔ ነው። በጁላይ የሚታይ መሬት ሙቀትና እባብ እንጂ ሌላ አያሳይዎትም።

ሦስት ሰዓት ይመድቡና በዚህ ቅደም ተከተል ይዩ።

ሀ. አጥሩ። የታችኛውን ሽቦ ተከትለው ይሂዱ። አጋዘን መዝለል ቢችልም ብዙ ጊዜ ከሥር ሾልኮ ያልፋል። መሬቱ ተፈግፍጎ ለስልሶ፣ እሾሁ ላይ ጸጉር ተሰክቶ ካገኙ አንዱን ፍሬ ነቅለው አጠፍ ያድርጉት። የአጋዘን ጸጉር ውስጡ ባዶ ስለሆነ እንደ ገለባ ይሰበራል፤ የላም ጸጉር ይተጣጠፋል። ይህች ቦታ መተላለፊያ ናት፤ ካርታው ላይ ምልክት ያድርጉባት።

ለ. በጠጡ። የአጋዘን በጠጥ ከፍየል በጠጥ አይለይም፤ አገር ቤት ፍየል ያገደ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ መጀመሪያ «ፍየል ወይም በግ አለ?» ብለው ይጠይቁ። ካለ በጠጡን ከቁጥር አያስገቡት። ከሌለ፣ እርጥብና አብለጭላጭ የሆነው አዲስ ነው፤ ደርቆ የነጣው የሳምንታት ነው።

ሐ. ዛፉ። ወንዱ ቀንዱን ያሸባቸው፣ ልጣቸው የተላጠ ቀጫጭን ዛፎችን ይፈልጉ። ከሥራቸው በሰኮና የተቧጨረ መሬት ካለ ይበልጥ ጥሩ ነው። ወፍራም ግንድ ላይ የታሸ ምልክት ብዙውን ጊዜ ትልቅ ወንድ መኖሩን ያሳያል።

መ. የቅጠሉ መስመር። ከሰው ደረት ከፍታ በታች ያለው ቅጠል ሁሉ በመቀስ እንደተቆረጠ ተግጦ፣ በላይ ብቻ አረንጓዴ ከሆነ መሬቱ ከሚችለው በላይ አጋዘን ወይም ፍየል ተሸክሟል። አጋዘን ያያሉ፤ ግን ከሲታና ቀንደ ትንሽ ነው። ሥጋ ለሚፈልግ ይሆናል፣ ቀንድ ለሚፈልግ አይሆንም።

ሠ. ውሃው። በድርቅ ዓመት የማይደርቅ ኩሬ ወይም የከብት ገንዳ በወሰኑ ውስጥ ካለ ዋጋው በእጥፍ ይቆጠር።

ረ. የድሮው መቀመጫ። ማማው ሥር ቀለህ፣ የቢራ ቆርቆሮና የሲጋራ ቁራጭ ከበዛ ቦታው ተረብሿል። ወንበሩ ላይ ይቀመጡና የሚተኮስበትን አቅጣጫ ይዩ። ከኋላው የሰው ቤት፣ መንገድ ወይም የጎረቤት አጥር ካለ ያ ማማ የለም ማለት ነው፤ በቴክሳስ ያለፈቃድ የወሰን መስመር የሚያሻግር ጥይት መተኮስ ሕግ መጣስ ነው።

ሰ. ሐምራዊ ቀለም። ዛፍ ወይም ምሰሶ ላይ ቁልቁል የተቀባ ሐምራዊ መስመር «መግባት ክልክል ነው» ከሚል ጽሑፍ ጋር እኩል ነው። ያቆሰሉት አጋዘን ያንን መስመር ካለፈ ጠመንጃዎን አስቀምጠው የጎረቤቱን ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ተከትሎ መግባት የለም። የጎረቤቶቹን ስልክ ከባለመሬቱ አሁኑኑ ይውሰዱ።

ባለመሬቱ ከፈቀደ ካሜራዎቹን ሀ ላይ ባገኙት መተላለፊያ ለሁለት ሳምንት ይተዉ። ሲቆጥሩ የቀን ፎቶዎችን ብቻ ይቁጠሩ። የሚፈቀደው የአደን ሰዓት ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት በኋላ ድረስ ነው። በሌሊት ብቻ የሚታይ ትልቅ ወንድ ለእርስዎ እንደሌለ ነው።

ደረጃ 7፦ ከማን ጋር እንደሚገቡ ይወቁ

ሊዝ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ በአጋዘን እጥረት ሳይሆን በሰው ነው። እቁብ የምንጠጣው ሰብሳቢውን ስለምናውቅ ነው፤ የቡድን ሊዝም እንደዚያው ነው። እነዚህን ከመስማማትዎ በፊት ይጠይቁ።

- ጠቅላላው የአዳኝ ቁጥር ስንት ነው? የባለመሬቱ ቤተሰብም ያድናል? በመክፈቻው ቅዳሜስ?
- አንድ ሰው ቢወጣ ድርሻውን ማን ይከፍላል? ብዙ ውል ሁሉንም በጋራ ተጠያቂ ያደርጋል፤ አንዱ ከጠፋ የእርስዎ 2,000 ዶላር 2,667 ይሆናል።
- እያንዳንዱ የራሱ መቀመጫ አለው ወይስ ቀድሞ የደረሰ ይይዛል?
- ስንት ሴት፣ ስንት ወንድ ይፈቀዳል? የሊዙ ደንብ ከካውንቲው ሕግ የበለጠ ሊጠብቅ ይችላል።
- እንግዳና ልጅ ይገባል? በስንት?
- በቆሎውን ማን ይገዛል፣ ማን ይሞላል? ሩቅ የሚኖረው ሁልጊዜ ከፍሎ ቅርብ ያለው ሁልጊዜ ሲያድን መጨረሻው ኩርፊያ ነው።
- መጠጥ? ጠመንጃ ባለበት ከአደን በፊት ጠጥቶ የሚመጣ ሰው ካለ ሌላ ጥያቄ አያስፈልግም፤ አይግቡ።

ስለ አሳማም ይጠይቁ። የዱር አሳማ በቆሎዎን ጠራርጎ ይበላል፣ መበተኛውንም ይገለብጣል። አንዳንድ ባለመሬት ያዩትን አሳማ ሁሉ እንዲገድሉ ይጠይቃል። ባይበሉትም ይህን ግዴታ ይቀበሉ እንደሆነ አሁን ይወስኑ። ካልሆነም በመበተኛው ዙሪያ 3 ጫማ የማይሞላ የሽቦ አጥር መትከል ይፈቀድ እንደሆነ ይጠይቁ፤ አጋዘን ይዘለዋል፣ አሳማ አይችልም።

ሒል ካንትሪ ውስጥ አክሲስ የሚባል ነጠብጣብ ያለው አጋዘን አለ። ከውጭ የመጣ ስለሆነ የወቅት ገደብ የለበትም፤ የአደን ፈቃድ ካለዎት ዓመቱን ሙሉ ይታደናል። ሊዙ የሙሉ ዓመት ሆኖ አክሲስንም ከጨመረ ለፋሲካ ሥጋ ይደርሳል፤ የደረጃ 3 የቀን ቁጥርዎም ያድጋል። ብዙ ውሎች ግን አክሲስን ለብቻ ያስከፍላሉ፤ ሳይጠይቁ አይተኩሱ።

ደረጃ 8፦ ውሉን አንብበው ይፈርሙ

የቃል ሊዝ አይቀበሉ። በወረቀቱ ላይ የግድ መኖር ያለባቸው፦ የሁሉም ወገኖች ሙሉ ስም፣ ካርታ የተያያዘበት የመሬቱ መግለጫ፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን፣ ዋጋና የክፍያ ቀን፣ የሚታደኑ እንስሳት ዓይነትና ብዛት፣ የአዳኝ ቁጥር ጣሪያ፣ መሬቱ ቢሸጥ ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስ፣ በሚቀጥለው ዓመት የመቀጠል ቅድሚያ የእርስዎ መሆኑ። ጣሪያው ካልተጻፈ አራት ሆናችሁ የገባችሁበት መሬት ላይ በኖቬምበር ሰባት ሰው ልታገኙ ትችላላችሁ።

ብዙ ባለመሬት የኃላፊነት መድን ይጠይቃል። ማን እንደሚገዛውና የባለመሬቱ ስም በመድኑ ላይ መግባት እንዳለበት ይጠይቁ። እንግሊዝኛው ከከበደዎት የሚያነብልዎ ሰው ይፈልጉ፤ «ጉዳት ቢደርስ ባለመሬቱ አይጠየቅም» የሚለው አንቀጽ ሁልጊዜ ስላለ ምን እንደሚተዉ አውቀው ይፈርሙ።

በጥሬ ገንዘብ አይክፈሉ። ቼክ ጽፈው ማስታወሻው ላይ ዓመቱንና «የአደን ሊዝ» የሚለውን ያስፍሩ። ከመክፈልዎ በፊት የበሩን ቁልፍ ወይም የቁልፍ ቁጥር በእጅዎ ከፍተው ይሞክሩ።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

በቆሎ ላይ መመካት። ባለ 55 ጋሎን በርሜል ወደ 330 ፓውንድ በቆሎ ይይዛል፤ በቀን 4 ፓውንድ ቢበትን 80 ቀን ይቆያል። ነገር ግን የኦክ ፍሬ በበዛበት ዓመት አጋዘኑ በቆሎውን ትቶ ዛፍ ሥር ይውላል። «መበተኛው ባዶ ሜዳ ላይ ነው፣ አጋዘን የለም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። የሻገተ በቆሎ በፍጹም አይጨምሩ፤ መርዙ አጋዘኑንም ወፉንም ይጎዳል።

የቀንድ ሕጉን አለማወቅ። በብዙ ካውንቲዎች ወንድ አጋዘን የሚፈቀደው ቢያንስ አንደኛው ቀንዱ ቅርንጫፍ ከሌለው ወይም በቀንዶቹ መካከል ያለው ውስጣዊ ስፋት 13 ኢንች ከሞላ ነው። ጆሮውን አቁሞ ሲያይዎት ከጆሮ ጫፍ እስከ ጆሮ ጫፍ ያለው ርቀት 13 ኢንች ገደማ ስለሆነ፣ ቀንዱ ከጆሮዎቹ ወጥቶ ካልታየዎት ጣትዎን ከምላጩ ያንሱ።

መለያ ወረቀቱን መርሳት። አጋዘኑ እንደወደቀ ፈቃዱ ላይ ያለው መለያ ተሞልቶ ይታሰራል። ሬሳው መጨረሻ ቦታው እስኪደርስ ጾታውን የሚያሳይ ማስረጃም አብሮ መቆየት አለበት። ጭንቅላቱን ሜዳ ላይ ጥለው መኪና ላይ የሚጭኑ ጀማሪዎች መንገድ ላይ ይቀጣሉ።

ጥሬ ሥጋ። ይህን ለእኛ ሰው ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል፦ የአጋዘን ሥጋ ጥሬ አይቆረጥም፣ ክትፎውም ልብልብ አይሆንም። የዱር እንስሳ ሥጋ ውስጡ 160 ዲግሪ ፋራናይት (71 ሴልሺየስ) እስኪደርስ ይበስላል። ፍሪዘር ውስጥ ማቆየት ኢኮላይ የተባለውን ተሕዋስ አይገድለውም። ሲደብሊውዲ የሚባለው አጋዘን አክስቶ የሚገድል በሽታም በቴክሳስ ከ2012 ጀምሮ ተገኝቷል። ማብሰል አያጠፋውም። ሊዙ የበሽታው ክልል ውስጥ መሆኑን አውትዶር አንዋል ላይ ያረጋግጡ፤ ከሆነ ናሙና ያስመርምሩ፣ ውጤቱ ሳይመጣ አይብሉ፣ በሽታው ከተገኘ ሥጋው አይበላም።

የሃይማኖት ጥያቄን ከተኮሱ በኋላ ማንሳት። አጋዘን በኦሪት ዘዳግም 14 ከሚበሉት ጋር ተቆጥሯል። ጥይት የመታው እንስሳ ግን ቢላዋ ሳይደርስበት ሊሞት ይችላል፤ ስለዚህ ክርስቲያኑ የንስሐ አባቱን፣ ሙስሊሙ ሼሁን ሊዝ ከመግባቱ በፊት ይጠይቅ። ቤተሰብ የማይበላው 60 ፓውንድ ሥጋ ፍሪዘር ከመሙላት ሌላ ጥቅም የለውም።

ደረጃ 9፦ ወቅቱ ሲዘጋ ለመቀጠል ወይም ለመውጣት ይወስኑ

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስልክዎ ላይ አራት ነገር ብቻ ይመዝግቡ፦ ቀኑ፣ ነፋሱ፣ በቀን ብርሃን ያዩት አጋዘን ብዛት፣ ያወጡት ገንዘብ። በጃንዋሪ መጨረሻ የወጣውን ገንዘብ በሄዱበት ቀን ያካፍሉና ደረጃ 3 ላይ ከገመቱት ጋር ያስተያዩት። የሄዱት ከ9 ቀን በታች ከሆነ ቦታው ቢያምርም በሚቀጥለው ዓመት የቀን አደን ይሻልዎታል። ከ9 ቀን በላይ ሄደው ግን ለአደን በተቀመጡ ቁጥር በአማካይ አንድ አጋዘን እንኳ ካላዩ ችግሩ መሬቱ ነው፤ ሌላ ይፈልጉ።

የሚወጡ ከሆነ ለባለመሬቱ ቀድመው ይንገሩና መበተኛዎን፣ ድንኳንዎን፣ ካሜራዎን ውሉ ከሚያልቅበት ቀን በፊት አውጡ። በብዙ ውሎች ከዚያ ቀን በኋላ የቀረ ዕቃ የባለመሬቱ ይሆናል። በርሜሉ ውስጥ የቀረውን በቆሎ መሬት ላይ ደፍተው አይሂዱ፤ ዝናብ ሲነካው ይሻግታል፣ አሳማውንም ይጠራል። ለሚቀጥለው ሰው በከረጢት ይተዉለት ወይም ይዘውት ይመለሱ።